ኮርቻው ለቁመቴ ሲቆረጥ

ጥቅምት 3
የሰፋሁትን የሳሎን መጋረጃ ላደርስ ስሄድ መታጠፊያው ላይ ሞተሯ ዘመም አለችብኝ። እግሬ መሬት ፍለጋ ወረደ... መሬት የለም። ወደቅን። ደግነቱ መጋረጃውን ጭቃ አልነካውም፤ እኔን ነው የነካኝ። አንዱ አነሳኝና «እናቴ፣ ይሄ የወንድ ሞተር ነው» አለኝ። አዎ፣ የባሌ ነው አልኩት። ምን ዋሸሁ?
እሱ ረጅም ነበር። እኔን ደግሞ ቁመት ሲታደል የት ሄጄ እንደነበር እንጃ። በሕይወት እያለ እሱ ይነዳል፣ እኔ መጋረጃዬን ታቅፌ ከኋላ። «ተደላደልሽ?» ሳይለኝ አንድም ቀን አልተነሳም። አሁን ከፊት ተቀምጬ ራሴን እጠይቃለሁ... የት ተደላደልኩ!

ጥቅምት 5
ኮርቻ ሰፊ አገኘሁ። እንዲያ ነው የምለው፤ የሞተር መቀመጫ ብቻ የሚሰራ ሰው ነው፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ። ቤቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ለመለካት ነው ብዬ ዘንጬ ሄድኩ፣ ባለተረከዙን ጫማዬን ሳይቀር። ሞተሯ ላይ አውጥቶኝ እግሬ የት እንደሚደርስ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ክሩ ቀጠነብህ አልኩት፣ የሰፊ ነገር አያስችለኝ። «እትዬ፣ መጋረጃ እኮ ይሰቀላል። ይሄ ይቀመጡበታል» አለኝ። ወደድኩት።
ጭንቄ ስፖንጁ ነው። መሀሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ ባሌ በስንት ዓመት መቀመጥ የሰራው። ከቀብሩ ማግስት ልጄ እጇን እዚያ ላይ አድርጋ ነው ያለቀሰችው። «እማዬ፣ ይቺን እንዳታስነኪ» ብላኛለች። ማልኩላት። ለሰፊውም ነገርኩት። ጎንና ጎኑን ባጠብበው እግርዎ ይወርዳል፣ መሀሉን አልነካም አለ። እፎይ።

ጥቅምት 14
ደረሰ! ቡናማ ቆዳ፣ ድርብ ስፌት፣ ጠርዙ እንደ ሙሽራ ቀሚስ... ጉድ ነው። ቤት ወስጄ የሥራ ጫማዬን አደረግኩና ወጣሁባት። መሬቱን በእግር ጣቴ ጫፍ ብቻ ነው የነካሁት። እንዴ! በረርኩ ወደ ሰፊው። ፊቴን ሳይሆን እግሬን አየ። «እትዬ... እኔ የለካሁት እኮ ባለተረከዙን ነው።»
ለመለካት መዘነጥ! ስንት ዓመት መስኮት ስለካ ኖሬ...

ጥቅምት 15
በባለተረከዙ ልንዳ ብዬ ሞከርኩ። ተረከዙ ከማርሹ ጋር ተያያዘ። ጎረቤቴ አጥሩን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ጎኑ ከእንግዲህ አይቀነስም ብሏል ሰፊው። የቀረው ከላይ ነው። የባሌ ቦታ።

ጥቅምት 17
ለልጄ ነገርኳት። እራቷን ትታ ተነሳች። አባዬ የቀረን እዚያ ላይ ብቻ ነው፣ ሞተሯን ተያት እንጂ አለች። ብተዋትስ? ያን ሁሉ ጨርቅ አዝዬ ልዙር? ስወድቅ አላየችኝም። «አባትሽን ቀበርሽ። እኔንም ልትደግሚ ነው?» አልኳት። ክፉ ቃል ነው፣ ከአፌ ከወጣ በኋላ ታወቀኝ። በሯን ዘጋች።

ጥቅምት 20
ተቆረጠ። ቆዳው ተገፎ ስፖንጁ ባዶውን ሲቀር እጄን ጎድጓዳው ላይ አሳረፍኩ። ሰፊው ቢላውን ይዞ ቆመ፣ አላቻኮለኝም። እጄን ሳነሳ ቀስ ብሎ ላዩን እንደ ዳቦ ገመሰው። ጎድጓዳው እንዳለ፣ ሳይሰበር ተነሳ። ስይዘው ቀላል ነገር ነው... ያ ሁሉ ሰው!
ጥግ ሊያስቀምጠው ሲል «ከኋላ ይሆናል?» አልኩ። እኔ እቀመጥበት የነበረው ላይ። ለካው፣ አጣበቀው፣ ቆዳ አለበሰው። እኔንም እንደገና ለካኝ። በሥራ ጫማዬ።

ጥቅምት 21
ልጄ እራቷን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ጥቅምት 26
ዛሬ ጠዋት ልጄ ሥራ ረፍዶባት ስትወጣ በር ላይ ሞተሯን አስነስቼ ነበር። አይታኝ ልታልፍ ነበር። የአባትሽን ቦታ አልጣልኩትም፣ ከኋላ አለ አልኳት። ቆመች። በመዳፏ ዳበሰችው፣ ዞር ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ከኋላዬ ወጥታ ወገቤን ያዘች።
ሁለት እግሬ መሬት ረግጧል፣ እስከ ተረከዜ።
«ተደላደልሽ?» አልኳት።
ወዲህ ወዲያ አለች።
«ይሰፋኛል» አለች። ጠጋ ብላ ደግሞ፣ «ግን ተደላድያለሁ።»
ማርሽ አስገባሁ።