ድምፅ የሌለው መብራት

ሰኞ

ጀኔሬተሩ ሳይነሳ መብራት በራ። ቴክኒሻኑ ከጅማ ያመጣቸውን አዳዲስ የሶላር ሰሌዳዎች የሆስፒታሉ ጣራ ላይ ገጥሞ ጨረሰ። የድሮዎቹ ሁለቱ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ብቻ ነበር የሚያሠሩት፤ አሁን ማዋለጃውም የሴቶች ክፍሉም በራ። እሰይ። የከተማው መብራት በጠፋ ቁጥር በፋኖስ ማዋለድ ሰልችቶኛል። ነዳጅ ስንለምንም የሚሰጡን ለማታ፣ ለአንድ ሰዓት የምትበቃውን ብቻ ነበር።

ጸጥታው ግን ከበደኝ። ጀኔሬተሩ የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ ከግንቡ ማዶ አንድ ነገር ሰማሁ። ምንጣፍ የሚያራግፉ ይመስላል። ማዶ ያለው የቡና መጋዘን ነው፤ ከተወረሰ ወዲህ ባዶ ነው ይባላል።

ማክሰኞ

እማማ ዘይነባ በታመመ ኩላሊታቸው ከአልጋ ወርደው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "ልጄ፣ ድምፅ የሌለው መብራት የጂን ነው። ግንቡ ያቃስታል፣ አዑዙ ቢላህ" አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ሳቄ ለራሴም አላማረኝም። ሌሎቹም አልጋቸውን ከግንቡ አራቁ፤ አንዷ ቁስሏ ሳይደርቅ ወደ አገሯ ወደ ሸቤ ልሂድ አለች።

አስተዳዳሪውን ጠየቅሁት። "ሲስተር፣ የሰማሽው አይጥ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። አይጥ ያቃስታል እንዴ?

ረቡዕ

ማታ በዚያው ሰዓት ከጀኔሬተሩ ቤት ጀርባ ሄጄ ግንቡን ተጠግቼ ቆምኩ። ምንጣፍ አይደለም። ሰው ነው የሚመቱት። ምቱ ቆመ፤ ቀጥሎ ሳል መጣ።

ወንድሜ መስፍን አስም አለበት፤ ሲያስለው መጨረሻው ላይ ፉጨት ይመጣል። ከሚያስተምርበት ክፍል ከወሰዱት ወር አለፈው። ጅማ እስር ቤት የለም አሉኝ። ቀበሌ የለም። አሰንዳቦ ድረስ ሄጄም የለም። እዚህ ነው እንዴ፣ ከአልጋዎቼ ጀርባ?

አስም ያለበት ሰው ስንት አለ። ሌላ ሰው ይሆናል። ስንት ማታ ግን ጀኔሬተሩ እየጮኸ፣ እኔ እያንጎራጎርኩ መርፌ ቀቅያለሁ።

ሐሙስ

በርሜል ሙሉ ናፍጣ መጣ። ማንም አልጠየቀም። ከአንድ ሰዓት በላይ ስንለምነው የከለከለን ነዳጅ አዳዩ ጓድ ራሱ ነው ከመኪና ያስወረደው። ጀኔሬተሩን የሚያስነሱት አባ ዲጋ "ሽቦው እኮ ሶላሩ ሲገባ ተነቅሏል፤ ለየትኛው አምፖል ነው?" ቢሉት "ለየትኛውም። ብቻ ማታ ማታ ይነሳ" አላቸው።

ተነሳ። አንድም አምፖል ሳያበራ ጮኸ። እማማ ዘይነባ "አልሐምዱሊላህ፣ ጂኑ ሄደ" ብለው ተኙ። አባ ዲጋን "እርስዎ ያውቁ ነበር?" አልኳቸው። "ሂንቤኩ" አሉኝ፣ አላውቅም ማለታቸው ነው። ፊታቸውን ግን አዞሩብኝ።

ዓርብ

ሽሮ ፍትፍት እንደ ሁሌው ከነቃሪያው ሠርቼ በምሳ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ጠባቂ አለ፤ ባዶ ቤት የሚጠብቅ። እስረኛው በሕይወት ካለ ስንቁን ይቀበላሉ፣ ከሌለ ይመልሳሉ፤ ይሄን የማያውቅ የእስረኛ ቤተሰብ የለም። የመስፍንን ስም ብጠራ ግን መስማቴ ይታወቃል።

"ለማን ነው?" አለኝ።

"ለሚያስለው።"

ነጭ ጋወኔን አየ፣ ፊቴን አየ። "ሲስተር፣ እዚህ ማንም የለም" አለ። ምሳ ዕቃውን ግን ተቀበለኝ።

ራሱ ይበላው ይሆናል። እስኪ እንግዲህ።

ቅዳሜ

ምሳ ዕቃዬ መጋዘኑ በር ሥር ተቀምጧል። ጠባቂው ቀና ብሎም አላየኝም። ይዤው ማዋለጃ ክፍል ገባሁ፤ በሩን ዘግቼ አዲሱ መብራት ሥር ከፈትኩት።

ፍትፍቱ ተጠርጎ ተበልቷል። ቃሪያው ግን አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ጥግ ላይ ተከምሯል። መስፍን ከልጅነቱ ቃሪያ አይነካም፤ እማዬ ስንቴ ተቆጥታዋለች።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጅማ፣ ጊንጆ ላለችው እማዬ ምን ብዬ እንደምልክላት እንጃ። ይኸው ጀኔሬተሩ ተነስቷል፤ አሁን ምን እያደረጉት እንደሆነ መስማት አልችልም።

ነገ ቃሪያ ሳልጨምር እሠራለታለሁ።