እናቱን ያላየሁት ቡችላ

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ጃክ ዛሬም አልበላም። ወተቱን አሸተተ፣ ሳህኑን ገለበጠ፣ ከሶፋው ሥር ገባ። ጾም ስለሆነ ቤታችን ወተት አይገባም፤ ለእሱ ብዬ ነው ጠዋት ወጥቼ የገዛሁት። ባለቤቴ አስቴር ሳህኑን አንሥታ ወለሉን ወለወለች።

ልጃችን ቃል ልታባብለው እጇን ሰደደችለት። አውራ ጣቷን ነከሳት። ትንሽ ነው፤ ሁለት ነጥብ ደም። አስቴር በውኃ አጥባ በጨርቅ አሰረችላት። እኔ «ጥርሱ እያሳከከው ነው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ስለ ውሻ የማውቀው ነገር የለም።

ያመጣሁት እኔው ነኝ። በመስከረም እኔና አስቴር ለቅሶ ሄደን ሳለ ሌባ ገባ፤ ስንመለስ የስምንት ዓመቷን ልጃችንን አልጋ ሥር ተጣብቃ አገኘናት። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ወደ ክፍል እንኳ ብቻዋን አትሄድም። ውሻ እገዛልሻለሁ አልኳት። ሲቀላ ሠፈር ውሻ የሚያራባ አቶ መርዕድ የሚባል ሰው አለ ተባልኩ፤ ደወልኩለት፤ ሐሙስ ዕለት ሴቻ ሠፈር ቤታችን ድረስ በካርቶን ይዞልኝ መጣ።

ካርቶኑ ሲከፈት የአስቴር የመጀመሪያ ቃል «እናቱን አየሃት?» ነበር።

አላየኋትም። «እኛ አገር ኦቾሎ፣ አባቴ ጥጃ ሲገዛ እናቲቱን ሳያይ ገመድ አይዝም» አለች። ውሻና ላም ምን አገናኘው ብዬ ተቆጣኋት። ልጅቷ ፊት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ቢሮ ሳለሁ አስቴር ደወለች። «ድምፁ ተለውጧል፤ ቶሎ ና» አለች። ስደርስ ጃክ የወንበር እግር ነክሶ አይለቅም። ለሃጩ ይዝረበረባል። ጩኸቱ የውሻ አይመስልም፤ ጉሮሮው የታነቀ ነው የሚመስለው። በጆንያ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወረድኩ። ስጠቀልለው እጄን ቧጨረኝ።

ሐኪሟ ዶክተር ሃና ትባላለች። ወጣት ናት። ወፍራም ጓንት ሳታጠልቅ አልነካችውም። በብረት ሣጥን ዘጋችበትና መጠየቅ ጀመረች። ስንት ሳምንቱ ነው? አላውቅም። እናቱ ተከትባለች? አላውቅም። አብረውት የተወለዱት ስንት ናቸው? ደህና ናቸው? ከእናቱ መቼ ተለየ? ለምን ተለየ? አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም።

«ታዲያ ሲገዙ ምን ጠየቁ?»

«ወንድ ነው ወይ ብያለሁ። የጀርመን ዘር ነው ወይ ብዬም ጠይቄያለሁ።»

አልሳቀችብኝም። «ሰው ነክሷል?» አለች።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ እዋሻለሁ። «አልነከሰም» አልኩ። አፍሬ ነው። የፈራሁትን ቃል ከአፏ እንዳልሰማ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ተመልሼ «ልጄን ነክሷታል፤ ትናንት» አልኩ።

ብዕሯን አስቀመጠች። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። «ቁስሉን በሳሙና፣ በሚፈስ ውኃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡት። ዘግይቷል፤ ቢሆንም እጠቡት። ከዚያ ወደ ሐኪም። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማንም አያድንም። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ስለዚህ አሁኑኑ።»

ቃልንና አስቴርን ከቤት ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ክትባቱ አልቋል፤ ነገ ጠዋት ይገባል አሉን። ቤት ተመልሰን ቧንቧ ሥር ቆምን። አስቴር የቃልን ጣት ይዛ፣ እኔ ሰዓት ይዤ። ቃል «በቃ ጸዳ'ኮ» ትላለች። አሥራ አምስት ደቂቃ እንደዚህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ክትባቱ ገብቷል። ተመስገን።

በሩ ሳይከፈት ደርሰን ነበር። ቃልን ክንዷ ላይ ወጓት፤ አላለቀሰችም። ነርሷ የእኔን የተቧጨረ እጅ አይታ እኔንም ወጋችኝ። ዓርብ ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሦስተኛው፣ ከዚያም ሌላ አለ። ቀን እንዳናሳልፍ ሁለቴ ነገረችን።

ዶክተር ሃና ደወለች። ጃክ ሞቷል። ጭንቅላቱ በበረዶ ታሽጎ ለምርመራ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። «እናቱን ፈልጉ» አለችኝ። «የእሷን ታሪክ ካወቅን ሌላ ማን እንዳለበትም እናውቃለን።»

ለአቶ መርዕድ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ እናትየዋ ጤነኛ ናት። ላይ አገር ገረሴ፣ እህቴ አማረች ጋ ናት» አለ። ፎቶ ላክልኝ ስለው ኔትወርክ የለም አለ። ደግሜ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል።

አስቴር ስትሰማ ነበር። «ነገ ገረሴ እንሄዳለን» አለች። እኔ ብቻዬን ልሂድ ብል፣ «አንተ በአማርኛ ትጠይቃለህ፣ እነሱም በአማርኛ ደህና ናት ይሉሃል» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ ጋሞኛዬ ከሰላምታ አላለፈም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ቃልን ጎረቤት ትተን በጠዋቱ ወጣን። ላይኛው አገር ብርድ ነው፤ ጉሙ ከመንገዱ አልተነሣም። ረፋዱ ላይ ገረሴ ደረስን።

ወይዘሮ አማረች ሃምሳ ቢሆናት ነው። ብቻዋን ትኖራለች። የእንሰት ጓሮዋ ውስጥ አገኘናት። አስቴር በጋሞኛ ጀመረች። ረጅም ሰላምታ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ጤና። ከዚያ ስለ ልጃችን ነገረቻት። ሴትዮዋ የያዘችውን ቢላዋ አስቀምጣ አጥሩ ጥግ ወዳለ የአፈር ክምር ጠቆመች። የውሻዋ መቃብር ነው።

አስቴር የተረጎመችልኝ ይህን ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ከላይ ሠፈር ያበደ ውሻ ወርዶ ውሻዋን ነከሳት። ቁስሏ ዳነ። አምስት ወለደች። በኅዳር አጋማሽ ጠባይዋ ተለወጠ፤ ጨርቅ መብላት፣ ልጆቿን መናከስ ጀመረች። አንዱ ቡችላ እዚያው ሞተ። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ውሻዋን ገደላት። በማግስቱ መርዕድ መጥቶ አራቱን ወሰደ።

«ነግራዋለች?» አልኩ።

«ሁሉንም ነግራዋለች። እናቲቱ ናት ያበደችው፣ ቡችሎቹ ምን አደረጉ አላት።»

ልንነሣ ስንል አስቴር የሴትዮዋን ቀኝ እጅ ያዘች። አንጓዋ ላይ የደረቀ የጥርስ ምልክት አለ። ቡችሎቹን ልታስጥል ስትል ውሻዋ ነክሳት ኖሯል። ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሥር ቀጥቅጠው አጠጧት፣ ቁስሉም ዳነ፣ ከዚያ ረሳችው።

አብራን ወርዳ እንድትከተብ አስቴር ለመነቻት። ተቆጣች። እንደገና ለመነቻት። ሴትዮዋ እኔን አየት እያደረገች በአማርኛ «እኔ ደህና ነው፤ ሥራ አለኝ» ትላለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። በመጨረሻ አስቴር መሬት ላይ ቁጭ አለችና ካልመጣሽ አልነሣም አለቻት። አማረች ነጠላዋን ደርባ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥታ አብራን ወረደች። እኛ ቤት አረፈች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

እትዬ አማረች ጠዋት የመጀመሪያውን ተወጋች። ሐኪሙ ቀኑን ሲሰማ ከንፈሩን ነከሰ። መጀመር ካለመጀመር ይሻላል አለ።

ከዚያ ሦስታችን ሲቀላ መርዕድ ግቢ ሄድን። መጀመሪያ እኔ ብቻ ገባሁ። በሽቦ የታጠሩ ሁለት ትልልቅ ውሾች አሉት፤ ንጹሕ ግቢ ነው፣ ሰውየውም ንጹሕ ለባሽ ነው። አውሬ የመሰለ ሰው ጠብቄ ነበር መሰለኝ። የቀሩት ሦስት ቡችሎች ለማን እንደተሸጡ ጠየቅኩት።

«ሥራዬን ልታጠፋ ነው የመጣኸው። ያንተ ቡችላ ምን በልቶ እንደሞተ በምን አውቃለሁ?»

ያኔ አማረች ከኋላዬ ገባች። እጇን አላነሣችም፣ ድምፅዋንም። ነጠላዋን ከአንጓዋ ገልጣ አሳየችውና አንድ ዓረፍተ ነገር በጋሞኛ ተናገረች። ሰውየው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። በኋላ አስቴርን ምን እንዳለችው ጠየቅኳት። «እኔ ብሞት እንደ ውሻዋ ጤነኛ ናት ብለህ እኔንም ትደብቃለህ? ነው ያለችው።»

መነከሷን አያውቅም ነበር። ይህን አምነዋለሁ። ቀሪውን ግን ያውቅ ነበር።

ሦስቱን ገዢዎች ነገረን። አንዱ እዚሁ ሴቻ የሆቴል ጥበቃ ነው። ሁለተኛው ጡረተኛ መምህር ነው። ሦስተኛዋ መናኸሪያ አካባቢ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ስሟንም ስልኳንም አያውቅም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

እኔና ቃል ሁለተኛውን ተወጋን። ዛሬ አለቀሰች። «ጃክ አሞት ነው እንጂ ጠልቶኝ አይደለም አይደል?» አለችኝ። አይደለም አልኳት።

የጥበቃው ቡችላ ታስሮ ነው የሚውለው፤ ማንንም አልነከሰም። ዶክተር ሃና መጥታ ወሰደችው። ሰውየው ተሰናብቶት ፊቱን አዞረ። እንደማይመለስ ገብቶታል።

የመምህሩ ግን ባለፈው ቅዳሜ ሞቷል። ጓሮ ቀብረውታል። ሚስትየዋን ሁለት ጊዜ ነክሷታል፤ ለማንም አልተናገሩም። መምህሩ በረንዳ ላይ አስቀምጠውን መጀመሪያ ጮኹብኝ። ሟርተኛ አሉኝ። ከዚያ ዝግ ብለው «አንተስ ስትገዛ ጠይቀሃል?» አሉ።

«አልጠየቅኩም፣ ጋሼ።»

«እኔም አልጠየቅኩም። ሠላሳ አራት ዓመት ተማሪ ጠይቅ እያልኩ ያስተማርኩ ሰውዬ።» ኮቴን አምጪ ብለው ሚስታቸውን ጠሩ። እስከ ሐኪም ቤቱ እጇን ሳይለቁ ሄዱ።

የሙዝ ሻጯን አላገኘንም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

አስቴርና አማረች ከጠዋት ጀምረው መናኸሪያውን አሰሱት። አንዷ አገሯ ገብታለች ትላለች፣ ሌላዋ እንደዚህ ያለች ሴት የለችም ትላለች። እኔ ከዶክተር ሃና ጋር ማስታወቂያ ጻፍኩ። ለሙዝ ሻጯ መልእክቱን ከላይ፣ ከሥሩ ደግሞ ቡችላ ሊገዛ ለሚያስብ ሰው፦

እናቲቱን አሳዩኝ በሉ። ካልታየች አይገዛም።
ተከትባለች? ወረቀቱ የት አለ?
ስንት ተወለዱ? የሞተ አለ? በምን ሞተ?
ስንት ሳምንቱ ነው? ጡት መቼ ተወ?
እናቲቱን ሌላ ውሻ ነክሷት ያውቃል?
ቢታመም ወደ እናንተ ይመለሳል?

አስቴር አነበበችና «ሻጩ በጥያቄው ከተቆጣ ተነሥታችሁ ሂዱ የሚል ጨምር» አለች። ጨመርኩ። ፎቶ ኮፒ አድርገን ባጃጅ ተራው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፍን።

ከሰዓት አማረች ስትመለስ እጇን ታሻለች። ጉንዳን የሚወረኝ ይመስለኛል አለች። የትኛውን እጅሽን አልናት። ቀኙን። አንጓዋን።

አስቴር አየችኝ። እኔም አየኋት። ወዲያው ሆስፒታል ወሰድናት። አስተኟት። ዶክተር ሃና ስለ ምልክቱ ያለችኝን ለአስቴር አልደገምኩላትም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ከቅዳሴ በኋላ አባ ማስታወቂያውን አነበቡልን። ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ከሴቶች በኩል አንዲት ሴት ሰው እየገፋች መጣች። አልማዝ ትባላለች። ሙዝ ሻጯ ናት። ቡችላው ከዓርብ ጀምሮ ምግብ ትቷል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ አቅፈውት ነው የሚተኙት።

«ይተርፋሉ?» አለችኝ። እንደ ሐኪም አየችኝ።

«ዛሬ ከጀመሩ ይተርፋሉ» አልኩ። እስከ እኩለ ቀን ሦስቱም ተወጉ፤ ዶክተር ሃናም ቡችላውን ከቤታቸው አወጣችው። አራቱም ቡችሎች ተገኙ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ ሆስፒታል ገባሁ። አማረች ውኃ መዋጥ አቅቷታል። ብርጭቆውን ስታይ አንገቷ ይገተራል። ስሟን ታውቃለች፣ አስቴርን ታውቃለች፣ ሁሉን ታውቃለች። የሚከፋው እሱ ነው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ እንዳትሠቃይ የሚያስተኛ መድኃኒት እንደሚሰጧት፣ ሌላ የሚያደርጉት እንደሌለ ነገረኝ።

መርዕድ ከክፍሉ በር ውጭ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከትናንት ጀምሮ አልገባም። አስቴር ወጥታ አየችው፣ ከዚያ ግባ አለችው። እኔ ብሆን አላስገባውም ነበር። ጓንት አድርገውለት ገባ። አማረች ግራ እጇን ሰጠችው።

አስቴር አብሬያት እውላለሁ አለች። እኔ ወደ ልጄ ተመለስኩ። ቃል ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ማክሰኞ ሦስተኛው መርፌ ነው። ግንባሯን ነካሁ፤ አይሞቅም። ጣቷን አየሁ፤ ቁስሉ ጠፍቷል። እዚህ ወንበሩ ላይ ሆኜ ይህን እየጻፍኩ ተነሥቼ ደግሜ ነካሁ። አይሞቅም።