የሙከይፍ ውሃና የሰይድ ሞተር

ረቡዕ

ሞተሯ አልነሳ አለች። ወንድሜ ሰይድ ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር "ጠቅ" ብቻ። ወንድሜ ከዳቦ ቤት ለሱቆች ዳቦ የሚያደርሰው በዚህችው ሞተር ነው። ባለዳቦ ቤቱ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ታግሶታል፤ ከዚያ ሥራው ለሌላ ሰው ነው። ሰይድ ሞተሯን ይሳደባል። እኔ ወንበሯን ከፍቼ ባትሪውን አየሁት። ጫፎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በቅሏል። ምን ይሆን?

ሐሙስ

ሶባ ሰፈር በሠራተኝነት ከምሠራበት ቤት ስመለስ ጎረቤታችንን ዐም ሐሰንን ጠየቅኩት፤ መካኒክ ነው። "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ቁልፉን ንቀይ። ጥቁሩን ገመድ መጀመሪያ፣ ቀዩን ኋላ ፍቺ" አለኝ። ለምን? ጥቁሩ ከሞተሯ ብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱ ከተፈታ መፍቻው ብረት ቢነካም እሳት አይረጭም። ሲገባኝ ደስ አለኝ።

ቀለበቴን አወለቅኩ፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ፈታሁት። ዱቄቱን በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ስቦርሸው ኩፍ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ውስጡ ያለው ውሃ ከመስመሩ በታች ወርዷል። የባትሪ ውሃ ያስፈልገዋል።

የሶባዋ እመቤቴ ከሙከይፏ፣ ከቤት አየር ማቀዝቀዣዋ፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ ለመኪናዋ ባትሪ ታጠራቅማለች። የእኛም ቤት ማቀዝቀዣ ሙከይፍ ይንጠባጠባል። ጠርሙስ ደቀንኩበት። እንዴት ያለሁ ብልጥ ነኝ አልኩ።

ዓርብ

ልጨምር ስል ዓይኔ ሙከይፋችን አየሩን የሚያቀዘቅዝበት እርጥብ ሣር ላይ አረፈ። በየጊዜው በእንጨት እየመታሁ የማራግፈው ነጭ ጨው አለበት። ከየት መጣ? ከውሃው ጥቁር የጠርሙስ ክዳን ላይ ጠብ አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ደርቆ ነጭ የጨው ቀለበት ተወ። ለካ የሶባው ሙከይፍ ውሃውን የሚያወጣው ከአየር ነው፤ የእኛ ግን የቧንቧ ውሃ ጠጥቶ ያንኑ ነው የሚያንጠባጥበው፤ ጨው ደግሞ ባትሪ ያበላሻል።

ሰይድ "ውሃ ውሃ ነው፣ ያላ፣ ቶሎ ጨምሪው። ሥራዬን ካጣሁ በአንቺ ነው" አለ። ፈራሁ፤ ግን አልጨመርኩም። እያጉረመረመ ሄዶ የታሸገ የባትሪ ውሃ ገዝቶ መጣ። እሱንም ክዳኑ ላይ ሞከርኩት፤ ምንም አልተወም። እስከ መስመሩ ብቻ ሞላሁ። ዐም ሐሰን ደጅ አየር ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ቻርጅ አደረገው፤ እሳት የሚይዝ ጋዝ ይወጣዋልና ሰይድን ከነሲጋራው አባረረው።

ቅዳሜ

ባትሪውን ስመልሰው ቀዩን አስቀድሜ ጥቁሩን መጨረሻ አሰርኩ፣ ጫፎቹን ቫዝሊን ቀባሁ። ሰይድ ቁልፉን ሲያዞር ትንፋሼን ያዝኩ። ተነሳች። እሱ ግን ዞሮ ሳያየኝ ወደ ዳቦ ቤቱ ከነፈ። ተናደድኩ።

ረፋድ ላይ ተመልሶ ትኩስ ዳቦ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። አብሮት ዳቦ የሚያደርስ ሰውም ሞተሩ አልነሳ ብላዋለች። "እህቴ ታውቅበታለች አልኩት" አለኝ። ኩራቴን ደብቄ ምን አለ አልኩት።

"ነገ ያመጣታል፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ከቤቱ ሙከይፍ ውሃ እያጠራቀመ ነው።"

ዳቦውን ትቼ፣ ሰውዬው ውሃውን ሳይጨምር ልደውልለት የሰይድን ስልክ ነጠቅኩት።