ባለ ሁለት ቁጥሩ ጊታር

ለተከበሩ የአዳራሻችን ንብረት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉንፋንዎ እንደ ተሻለዎት፣ የቢሮዎ በር መቀርቀሪያም እንደ ተጠገነ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ መዳናቸው ክፍልዎ ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳያል። እኔ በአዳራሹ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ኪቦርድ የምጫወተው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ መግቢያው ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም፤ እርስዎ የጋሼን የዕገዳ ማስታወቂያ የለጠፉት እዚያው ስለሆነ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ቢነበቡ ይሻላል ብዬ ነው።

ጋሼ የምንለው የቡድናችንን ሊድ ጊታር ተጫዋች ነው። እንዲህ የምንጠራው በዕድሜ ስለሚበልጠን ብቻ ሳይሆን፣ ግማሾቻችንን ጣታችንን ይዞ ያስተማረን እሱ ስለሆነ ነው። የአዳራሹን ኤሌክትሪክ ጊታር ሰብሯል ተብሎ ከታገደ እነሆ አምስት ሳምንት ሆነው። በመጪው ሐሙስ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ዕገዳውን ወደ ስንብት እንደሚለውጠው ሰምተናል። ከዚያ በፊት የሚከተሉትን አቤቱታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዘንጉን ይመለከታል። ለማያውቅ አንባቢ፣ የትሬሞሎ ዘንግ ማለት ከእርሳስ የቀጠነ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ፕላስቲክ ያለው ጎባጣ ብረት ነው፤ የጊታሩ ክሮች በሚታሰሩበት ብረት ውስጥ እንደ ብሎን ይገባና፣ ተጫዋቹ ጫን ለቀቅ ሲያደርገው ድምፁ ይርገበገባል። ክፍልዎ ንብረት ሲቆጥር ይህ ዘንግ ተነቃይ መሆኑን በማስተዋሉ፣ ለጊታሩ አንድ፣ ለዘንጉም ሌላ መለያ ቁጥር ሰጠ። ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ለየብቻ የተመዘገበ ንብረት ለየብቻ ይቀመጣል ተብሎ፣ ዘንጉ ልምምድ ባለቀ ቁጥር ተፈትቶ በፊርማ ወደ ካቢኔዎ ሲገባ፣ ልምምድ በተጀመረ ቁጥር በፊርማ ሲወጣ ሦስት ዓመት ሞላው። ብረቱ ፊርማ ስለማያውቅ የብሎን ጥርሱ ተበላ። የኪቦርዴ ጥቁር ቁልፎችም ተነቃይ መሆናቸውን እስካሁን ማንም ስላልነገርዎ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ጥርሱ ከተበላ በኋላ ዘንጉ አልጠብቅ አለ። ጋሼ ለቀቅ ባደረገው ቁጥር ወደ ታች ይንጠለጠልና የጊታሩን እንጨት ቋ ያደርገዋል። ጋሼ ይጠገንልኝ ብሎ አመለከተ። ክፍልዎ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ብልሽቱ የጊታሩ ነው ወይስ የዘንጉ፣ ተለይቶ ይቅረብ የሚል መልስ ሰጠ። ጋሼ የሁለቱም ነው ብሎ ጻፈ። እንግዲያው በሁለት ማመልከቻ ይሁን ተባለ። በሁለት አቀረበ። የጊታሩ ጸደቀ፤ የዘንጉ ግን ፎርም ስላለቀ ይጠብቅ ተባለ። ጋሼ፣ ፎርሙ ሳይመጣ ጡረታ እንዳልወጣ እያለ ሲቀልድ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ገና ሥራ ነበረው።

ሦስተኛዋ አጭር ናት። መመሪያዎ ማንም ሠራተኛ ንብረት በራሱ እጅ እንዳይጠግን ይከለክላል፤ ጋሼም እጁን ሳይሰድ ጠበቀ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ መመሪያዎን ከልቡ የሚያከብር አንድ ሰው ነበረዎት፣ እሱኑ አገዱት። እንኳን ደስ ያለዎት።

አራተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። በራሴ ላይ ነው፤ በራሴ ላይ የማቀርበውን አቤቱታ የሚቀበል ሌላ ቢሮ አጥቼ ነው ወደ እርስዎ ያመጣሁት።

በዝግታ ከምንጫወታቸው ዜማዎች በአንዱ ውስጥ እኔ ብቻዬን የምጫወትበት ቦታ አለ። ሁሉም ዝም ሲል ያ ዘንግ ቋ ይልብኛል። ለጋሼ አስቤ ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀና ብዬ እጽፍ ነበር፤ ያሰብኩት ግን ለራሴ ጨዋታ ነው። አንድ ቀን ከልምምድ በፊት፣ ጋሼ ውሃ ሊጠጣ ወጣ ሲል፣ ዘንጉን ፈትቼ ጥርሱ ላይ ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማጣበቂያ አፈሰስኩበትና መልሼ አጠበቅሁት። ያን ቀን ዘንጉ ድምፁን አላሰማም። ጋሼ ገርሞት ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገውና ፈገግ አለ። ልምምዱ አልቆ ለካቢኔዎ ሊፈታው ሲል ግን እምቢ አለው። መመሪያው ይፈታ ስለሚል ዕቃ ጠባቂው ፒንሳ አቀበለው። ዘንጉ ቀጭ ብሎ ከሥሩ ተሰበረ፤ ስብርባሪው ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። ቆይ፣ ተጣብቋል ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አላልኩም። ጭራሽ ቃለ ጉባኤው ሲያዝ፣ በፒንሳ ሲያስገድደው አይቻለሁ ብዬ በምስክርነት ፈረምኩ። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ ይህም የባሰ ያሳፍረኛል።

ጋሼ ከታገደም በኋላ ከልምምድ አልቀረም። ይመጣና ከተመልካች ወንበሮች፣ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ የእሱ ቦታ ሲደርስ ግን የግራ እጁ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ያን ማየት ስላልቻልኩ ኪቦርዴን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። የቡድኑ መሪ ምን ሆነሃል ሲለኝ፣ መብራቱ ዓይኔን ይወጋኛል አልኩት። አንድ ውሸት ጨመርኩ ማለት ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ባለፉት አምስት ሳምንታት በእርስዎ ስቀልድ የከረምኩት በራሴ ማፈሬን ለመሸሸግ ነበር።

ስለዚህ ከሐሙስ በፊት የጋሼ ስም ከማስታወቂያው ተነሥቶ የእኔ እንዲገባበት፣ ለዚህ የሚሆነው ፎርምም አልቆ ከሆነ ይህ ደብዳቤ በፎርሙ ፋንታ እንዲያዝልኝ እለምናለሁ።

ለዕቃ ያለዎት ስስት ጥቂቱ ለሰው እንዲተርፍ፣ የካቢኔዎ ቁልፍ ከኪስዎ እንዳይለይ፣ የማኅተምዎም ቀለም እንዳይደርቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

እስከ ዛሬ ምስክር ሲባል የቆየው፣
ኪቦርድ ተጫዋቹ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ መጸዳጃ ቤቱን ሊጠግን የመጣውን የቧንቧ ሠራተኛ ለምኜው ስብርባሪውን ሰርስሮ አወጣልኝ። ከአሮጌ ጊታር ባገኘሁት ዘንግ ጥርስ ላይ ቧንቧ እንዳያንጠባጥብ የሚጠመጥሙትን ስስ ነጭ ቴፕ ሁለት ዙር ጠምጥሞ አስገባው። ጠበቀ፤ ሲፈልጉትም ይፈታል። ቴፑን ለመጠምጠም የፈጀበት ጊዜ እርስዎ አንድ ጊዜ ከሚፈርሙበት አይበልጥም።

የቃለ ጉባኤውን ሁለተኛ ገጽም እንደገና ቢያዩልኝ። ከፊርማዬ አጠገብ ጥጉ ተቀዷል። የሱፐር ግሉው ቱቦ ኪሴ ውስጥ ፈስሶ ኖሮ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ተጣበቀ፤ ስመነጭቀው ተቀደደ፤ እርስዎም ተጠንቀቅ እንጂ፣ ሰነድ እኮ ነው ብለው ተቆጡኝ። ኮሚቴዎ ያን ገጽ በሦስት ስብሰባ አገላብጦታል። ምን እንደሆነ የገባው ጋሼ ብቻ ነበር፤ መሐረቡን አውጥቶ ጣቴን ጠረገልኝ፣ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለኝና ከእኔ ሥር ፈረመ።