ከገመዱ ማዶ

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም ስድስት ጊዜ ዘለልኩ። ከመድረኩ ጀርባ ካለው መሰላል ጫፍ እኔ ወገቤን በገመድ ታስሬ ስወርድ፣ በገመዱ ሌላ ጫፍ የታሰረችው የእህቴ ልጅ ከውሃው ገንዳ ሽቅብ ትወጣለች። ተመልካች "በረረች!" ይላል። የበረረችው በእኔ ቦርጭ ነው።

አዘጋጁ፣ እኔ ፈላስፋው የምለው፣ "ውሃው ናፍቆት ነው" እያለ ይሸለማል። የሰው ወርቅ አያደምቅ አሉ! ናፍቆት... ከቧንቧ የተቀዳ፣ ጉንፋን የሚያስይዝ ውሃ ነው። ሰው ተነክሮ ተንከባለለና ዳንስ ተባለ። ዓመት ሙሉ አንዴም ከፊት ሆኜ አላየሁትም። ምን ቀረብኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 7

"ጋሼ..." አለኝ ፈላስፋው። ጋሼ ካለኝ ነገር አለ ማለት ነው። በእኔ ቦታ ሞተር ሊያስገባ ነው። "እርስዎ ይደክማሉ። ሞተር አይደክም፣ አያስነጥስ።" አንድ ቀን ባስነጥስ እስከ ዛሬ ይነሳል!

ሞተር የልጅቷን ትንፋሽ የት ያውቃል? ውሃው ሥር ተኝታ ገመዱን ሁለቴ ሳብ ሳብ ታደርጋለች። "ተዘጋጅቻለሁ፣ ዝለል" ማለቷ ነው። ያኔ ነው የምዘለው። ያ ቆርቆሮ ግን ሙዚቃ ቆጥሮ ይጎትታታል።

እሁድ፣ ጥር 10

መጣ። ፍሪጅ ያክላል።

"አጎቴ፣ ደህና ነው እኮ፤ ለስለስ ይላል" አለችኝ ከልምምድ በኋላ። ለስለስ! እኔ ታዲያ ምን ነበርኩ?

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ኪሎዬ እንዳይጎድል እያልክ ድስት ስታራቁት ከረምክ፤ ተገላገልኩ" አለች። ሳቅኩ። ግን እራቴን ሁለተኛ አላስጨመርኩም።

ሰኞ፣ ጥር 11

ይሰበር ብዬ ጸለይኩ። ከዚያ ማን እንደምትንጠለጠልበት ትዝ አለኝ... አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አምስተኛ ረድፍ ተቀመጥኩ። የሄድኩት ልስቅበት ነው፣ ምን እደብቃለሁ።

መብራቱ ደበዘዘ። ውሃው ረጋ። ሥሩ ተኝታለች፣ ቀሚሷ ተንሳፍፏል። እጇ ገመዱን ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገው። ለማን? ሞተሩ እንደሆነ አይሰማም።

ወጣች። ውሃው አብሯት ተነሳ፤ ከጸጉሯ፣ ከቀሚሷ፣ ከእግሯ ጣት ወረደ። እንዴት ታምራለች! ዓመት ሙሉ ስሳደብ የከረምኩት ይህን ነው? ይህን ሳደርግ የነበርኩት እኔ ነኝ?

"ጌታው፣ ጋረዱን እኮ! ይቀመጡልን" አለ ከኋላዬ አንዱ።

ለካ ገመዱን ስትስብ ተነስቼ ቆሜያለሁ።