ከስድሳ ወደ ሠላሳ ስለወረደው መስመር

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ግራፋችንን አይተው ላጨበጨቡ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ልክ እንደ ቢሮዎ ግድግዳ ግራፍ ሁልጊዜ ከዕቅድ በላይ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔ የጽሕፈት ቤትዎ የመረጃ ባለሙያ ሱልጣን ነኝ። ሦስት ጊዜ ደጅዎ ብጠና ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

በቅድሚያ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በከተማችን ጤና ጣቢያ የሚወልዱ እናቶችን ግራፍ ስሠራ፣ ከየወሩ ክንውን ጎን ስድሳ ስድሳ የሚል ሌላ ረድፍ ጨምሬ፣ እሱን ብቻ ወደ መስመር ለውጬ፣ ቀይ ቀብቼ፣ ጫፉ ላይ «ዕቅድ፦ ከመቶ 60» ብዬ ነበር። ክንውናችን ሠላሳ አንድ ስለነበር ዓምዶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። እኔ ሞኙ መስመር የሚሰመረው የጎደለው እንዲታይ ይመስለኝ ነበር።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1. ገምጋሚዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጠርተውኝ፣ «ሱልጣን፣ ይሄ መስመር የሠራተኛውን ሞራል ይገድላል፤ ሠላሳ ላይ አውርደው» አሉኝ። አወረድኩት። ለሞራላችን ስለተጨነቁ እግዜር ይስጥልኝ።

2. ቀዩ ያስደነግጣል ብለው አረንጓዴ አስደረጉት፤ ቀጭኑን አስወፈሩት፤ ጫፉ ላይ የነበረውን ቁጥር ግን አስጠፉት። የእኛ ማተሚያ ከጥቁር በቀር ስለማያውቅ በቀለም ላሳትመው ሆሳዕና ከተማ ድረስ የሄድኩት እኔው ነኝ።

3. ገምጋሚዎቹ ከበር ላይ ሆነው አዩት። በእኛ ግምገማ የሚጠየቀው «አልፏል ወይስ አላለፈም?» ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩ ስንት ላይ እንደቆመ የጠየቀ አልነበረም። ተጨበጨበ። እዚያው ጭብጨባ ላይ፣ ዕቅዱን ያለፈ ጣቢያ ትርፍ ባለሙያ አለው ተባለና ብቸኛዋ አዋላጅ ነርሳችን ሲስተር ወይንሸት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። የዝውውሩን ደብዳቤ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

4. እርሷ በሄደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን እህቴን ሚስራን ምጥ ያዛት። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ጣቢያው ሲያደርሳት የማዋለጃ ክፍሉ ተቆልፏል። ሆሳዕና ሆስፒታል እስክትደርስ መሸ። አልሐምዱሊላህ፣ እሷ ተርፋለች፤ ልጇ አልተረፈም።

ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። የጨዋ ደብዳቤ ወጉ ይህን ቃል እንደማይወድ አውቃለሁ። በእርስዎ ተናድጃለሁ፤ በራሴ ደግሞ ይብሳል፤ መስመሩን ያወረደው የእኔ ጣት ነውና። ሚስራ ይህን አታውቅም፤ ይህ ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ ታውቃለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ ሲስተር ወይንሸት ወደ ቦታዋ እንድትመለስ እጠይቃለሁ። በእኛ ቀበሌ ብቻ አሥራ አንድ ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ አንዳቸውም ግራፍ አያነቡም፤ የሚያውቁት በሩ ክፍት መሆኑንና አለመሆኑን ነው።

የሥልጣን ዘመንዎ እንደ መስመርዎ ወፍራምና አረንጓዴ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ የነበርኩት፣
ሱልጣን
የካቲት 2005 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የጥር ወር ግራፍ ለሚቀጥለው ግምገማ እንዲደርስ ያዘዙት ትእዛዝ ደርሶኛል። ሲስተር ወይንሸት ከሄደች ወዲህ ጣቢያው ውስጥ የወለደች እናት ስለሌለች የወሩ ዓምድ ዜሮ ነው። ይህም ዕቅዱን እንዲያልፍ ከተፈለገ መስመሩ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት። ኮምፒውተሩ ይህን ይችላል፤ ሞክሬዋለሁ። እኔ ግን አላሰምርም።