የሚያወርድ የጠፋበት ዘፈን

ጎርናናው ወዳጄ፣

ትናንት ማታ በዚህ በሰው አገር ብቸኝነቱ ሲበዛብኝ የአገሬው የባህል ሙዚቃ ወዳለበት መጠጥ ቤት ገባሁ። ባዶ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። ለካ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ መዝፈን አለበት! ቫዮሊን የሚጫወተው ሽማግሌ «በል እንግዳው፣ የአገርህን አሰማና! ከዚህ ወንበር በነፃ የተነሳ የለም» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት በየሰርጉ አንተ ግጥሙን ስታወርድ እኔ አዝማቹን ስቀበል ኖሬ፣ ከግጥሙ አንድም ስንኝ አላውቅም። ተነስቼ አዝማቹን ብቻ ደጋገምኩ። ቤቱ ወዲያው ለመደውና እያጨበጨበ አብሮኝ ዘፈነ። ሁላችንም ተቀባይ ሆንን፤ አንተ የምትገባበት ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ዝም ብዬ እቆም ነበር። እነሱ ዘፈኑ እንደዚያ ነው ብለው አብረውኝ ዝም አሉ።

ባለቤትህን እትዬንና ልጆቹን ሳምልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ መጻፊያ ቦታ የለኝም። ስመለስ ከደጅህ ሆነህ አውርድልኝ፤ ከመንገድ ጀምሬ እቀበላለሁ።